የጥር ሙሽራ እግር

እግሬ ደረቅ መሆኑን የሰማሁት ለላም ሲነገር ነው።

ሠርጌ ካለፈ ብዙም አልቆየም፤ እጄ ላይ ያለው እንሶስላ ገና አልደበዘዘም ነበር። ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልወጣ በጓሮ በኩል ሳልፍ አማቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ላማቸውን ያልባሉ። ባልዲው ውስጥ የሚወርደው የወተት ድምፅ የሰለለ ነው። አማቴ አላዩኝም፤ ወይም አይተው እንዳላዩ ሆነዋል። የላሚቱን ሽንጥ ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ "ምን ታደርጊ አንቺ፣ ምን በወጣሽ! እግረ ደረቅ ገባብሽ" አሏት።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። እናቴ "አንቺን ያረገዝኩ ጊዜ በርበሬ አብዝቼ ይሆናል" ትለኛለች። ደሜ ፈላ። ግን ሙሽራ አፍ የላትም፤ ቦርሳዬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ለብቻዬ እየተናገርኩ ሄድኩ። የዚያን ቀን ማካፈል ያስተማርኳቸው ልጆች ምን እንዳደረጉኝ ሳያውቁ ቁጣዬን ቀመሱ።

መቼም እግር ምን እንደሆነ ያልሰማ የለም። ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ ብቻውን አይገባም። በገባ ማግስት ዝናብ ከጣለ፣ የታመመ ከዳነ፣ "እግሯ እርጥብ ነው" ተብሎ ይመረቃል። ከብት ከሞተ፣ ጉድጓድ ከደረቀ ግን ጣት ወደ አዲስ ገቢው ይቀሰራል። አዲስ ገቢው ሙሽራ ከሆነች ደግሞ ጣቱ ቶሎ አይታጠፍም።

ላሚቱም ተራ ላም አልነበረችም። አማቴ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉት ወተት እየሸጡ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጃ ካልቀረበላት ጠብ የማታደርግ የአገር ላም ሲያልቡ ኖረው፣ ከሠርጋችን በፊት በነበረው ክረምት የፈረንጅ ዘር ያለባት፣ አዲስ የወለደች ላም ገዙ። ሻጩ "ይቺ በጋ አታውቅም" ብሎ ምሎላቸዋል። በዚያ ክረምት ባልዲው እየሞላ ፈሰሰ። የሐዋሳ ፒያሳ ሻይ ቤቶች ከእሳቸው ሌላ የማንንም ወተት አንፈልግም አሉ። በሰፈሩ መንገድ ሲሄዱ ራሳቸውን ቀና አድርገው መሄድ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው አሉ። እኔ የገባሁት ከጥምቀት በኋላ ነው። ጥር ሳያልቅ የወተቱ ነገር ማነስ ብቻ ሳይሆን ማሳፈር ጀመረ፤ ሻይ ቤቶቹም አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ሌላ ሰው አዞሩ።

ባሌ የመንግሥት እርሻ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ሲነጋጋ ይሄዳል። እወደው ነበር። ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ምክንያቱም የሆነው ሁሉ የሆነው እሱን ላለማጣት ነው። ቅዳሜ እንደገባ በሩን ዘጋሁና የላሚቱን ነገር አፈሰስኩበት። እየሳቀ ቦት ጫማውን እያወለቀ፣ "ተያቸው፤ እማዬ በዚች ላም የተቃጠሉት ዛሬ ነው እንዴ? ሠርጉ ሳይደርስ አይደል ወተቷ ቀነሰ ብለው የበቆሎ አገዳ ፍለጋ ሲያሯሩጡኝ የነበረው" አለኝ።

"ምን አልክ? እስቲ ድገመው!"

"አገዳ…"

"አገዳውን ተወው! ሠርጉ ሳይደርስ ነው ያልከው?"

ብድግ ብዬ አቀፍኩት። ግራ ገባው። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ስታትስቲክስ ያስተማረን አንድ መምህር ነበር፤ አጭር፣ ነገሩ ሲሞቅለት በእግሩ ጣቶች የሚቆም። "ቀድሞ የመጣ ሁሉ ምክንያት አይደለም፤ ዘግይቶ የመጣ ግን ፈጽሞ ምክንያት ሊሆን አይችልም" ይለን ነበር። ዶሮ ጮኾ ይነጋል፤ ዶሮ ስለጮኸ ግን አይነጋም። ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት ነገር እንዲህ ሥጋ ለብሶ፣ ቀንድ አብቅሎ ጓሮዬ ይቆማል ብዬ መች አስቤ! ላሚቱ የቀነሰችው እኔ ሳልገባ ነው። አለቀ። ነጻ ነኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማቴ ነጠላቸውን አጣጥፈው እስኪቀመጡ እንኳ አልታገሥኩም።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ላሟ መቀነስ የጀመረችው መቼ ነው?"

ልጃቸውን በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት። እሱ ጣሪያ ያያል።

"ኅዳር ላይ ነዋ" አሉ።

"እኔ የመጣሁት በጥር ነው!"

አማቴ አልደነገጡም። ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እንደ ዳኛ ይጠይቁኝ ጀመር።

"ሽማግሌ የላክነው መቼ ነው?"

"በጥቅምት።"

"አባትሽ እሺ ያሉትስ?"

"እሱም… በጥቅምት።"

"ይኸው። እግር የሚገባው በሠርግ መኪና ነው ያለሽ ማነው? ቃል ሲገባ ይገባል።"

እንዴት እንደተናደድኩ፣ እንዴትም እንዳደነቅኳቸው! እኚህን ሴት ማሠልጠኛ ቢያስገቧቸው ያንን አጭር መምህር ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ያስተምሩት ነበር። ምክንያት ከውጤት መቅደም አለበት፤ እሺ፤ ግን ምክንያቱ መቼ ጀመረ የሚለውን የሚቆርጠው ከሳሹ ከሆነ ተከሳሹ በምን ያመልጣል? ሽማግሌ ባይላክ ከተፋቀርንበት ቀን፣ ባንፋቀር ከተያየንበት ቀን ይጀምሩልኛል። ሰዓትን ወደ ኋላ የሚገፋ ሰው ጊዜ አያልቅበትም።

አማቴም በዚያው አልተዉኝም። ጾም ሊገባ ስለሆነ ቱላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ወላጆቼ ቤት ሄጄ፣ እናቴ ዘንድ ጾሙን እንድጾም፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ተናገሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ የሚነጋገርበት ሙሽራ ግን ተመልሳ እንደማትመጣ እኔም አውቃለሁ፣ ባሌም ያውቃል። እሳቸው ወደ ጓሮ ከወጡ በኋላ ባሌ ደረቱን ነፋ አድርጎ "ማንም ከዚህ ቤት አያስወጣሽም!" አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በዚያው ሳምንት ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተባለና ሰልፍ ወጣሁ። ሰልፉ ከሱቁ በር ጀምሮ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን" የሚል መፈክር የተጻፈበትን ግንብ አልፎ እስከ ጋሪ ማቆሚያው ደርሷል። ወሬዬ ቀድሞኝ ኖሮ ከፊቴ የቆመች ሰፊ ሴት ዞር ብላ፣ "ሙሽሪት፣ እባክሽ ራቅ በይልኝ፤ ደግሞ ስኳሩ እንዳይደርቅብን" አለችኝ። ሰልፉ ሳቀ።

ሌላ ቀን ቢሆን አለቅስ ነበር። ያን ቀን ግን ቁጣዬ ወደ አፌ መጣ። "አንቺስ? የአንቺ እግር እንዴት ነበር? መቼ ነው ያገባሽው?" አልኳት።

"እኔማ" አለች ሳቋን ሳትጨርስ፣ "ለዳግማይ ትንሣኤ ነው የገባሁት። ገና ከመኪና ሳልወርድ ዝናቡ ወረደ! አማቴ እስኪሞቱ ድረስ 'እርጥቧ ልጄ' ነበር የሚሉኝ።"

ከኋላዬ የቆመች ቀጭን ሴት "ታድለሽ" አለች። "እኔ በጥር ገብቼ ጊደር ሞተች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጥጃ በተወለደ ቁጥር እንዳላይ ነው የሚሸፍኑብኝ።"

አንዷ ቀጠለች፤ በጥር ነው፣ ምንጩ ደረቀ ተብላለች። ሌላዋ በግንቦት ነው፤ ላሟ መንታ ወለደች ተብሎ ተጨፍሮላታል። የሆነ ነገር ከጭጋግ ውስጥ እንደሚወጣ መኪና እየቀረበ ነው፤ መብራቱ ይታየኛል፣ ቅርጹ ገና ነው።

"ቆይ፣ ቆይ፣ አንቺ አትንገሪኝ!" አልኳት ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት እናት። "ወሩን ብቻ ንገሪኝ።"

"ሚያዝያ።"

"እግርሽ እርጥብ ተብሏል!"

"በምን አወቅሽ?"

"አንቺስ?"

"ጥር።"

"ደረቅ!"

"ኧረ በስመ አብ! ይቺ ልጅ ጠንቋይ ናት!" ብለው ይጮኹ ጀመር። ከሰልፉ መጨረሻ ሴቶች ሰልፋቸውን እየተዉ መጡብኝ፤ "እኔንስ? እኔንስ?" እያሉ። ሁሉም አልተሳካልኝም። በጥር ገብታ እርጥብ የተባለች ተገኘች፤ ባሏ በማግስቱ ሹመት አግኝቶ ኖሮ። ሹመት መቼም ሣር አይበላም። ላምና ውሃ የተቆጠረባቸው ሴቶች ግን አንድ በአንድ ወደየወራቸው ይገቡ ነበር።

እኛ ተክሊልም ይሁን ድግስ የምናደርገው በጾም መካከል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለሠርግ የምትከፍተው በር አንዱ ጥር ላይ ነው፤ ሌላው ከፋሲካ በኋላ። የጥር በር የሚከፈተው በበጋ መካከል፣ ሣሩ ሁሉ አመድ ሲመስል፣ የሰፈሩ ከብት በሙሉ ሐይቁ ዳር ላይ ተሰብስቦ ያለችውን እርጥብ ነገር ሲግጥ ነው። የፋሲካው በር ሲከፈት ደግሞ የሐዋሳ ዝናብ ጀምሯል። እንግዲህ የጥር ሙሽራ ምን ዓይነት እግር ይዛ ብትመጣ ነው እርጥብ የምትባለው? እሷ የምትመጣበት ጊዜና ሣሩ የሚደርቅበት ጊዜ አብረው ይመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አላመጣውም። በጋ መሆኑንማ ማንም ያውቃል። ሙሽራ በገባችበት ቤት ግን በጋ ይረሳል።

ስኳሩን ሳልወስድ ወደ ቤት ሮጥኩ። የምሬን ነው፣ ሮጥኩ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ የሰልፉ ሴቶች "ስኳርሽ! ስኳርሽ!" ሲሉኝ እየሰማሁ።

መንገድ ላይ ግን ያ አጭር መምህር በጣቶቹ ቆሞ ታየኝ። ሌላው ልማዱ ይህ ነበር፤ ምክንያት ነው ያላችሁትን ነገር አንሱትና፣ እሱ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ጠይቁ ይል ነበር። ሙሽራ ያልገባበትን ቤት ማየት አለብኝ። ዘንድሮ ማንም ያልገባበት፣ ላም ያለበት ቤት።

ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ሲዳማ ናት፤ ጴንጤ ናቸው፣ እሷም ላም ታረባለች፣ ላሟን በሲዳምኛ እያባበለች ስታልብ በአጥሩ ቀዳዳ እሰማታለሁ። ቀዳዳው ላይ አፌን ደግኜ ጠራኋት።

"ዘንድሮ ቤታችሁ አዲስ ሰው ገብቷል?"

"ማን ይገባል? ማንም የለም።"

"ላምሽስ? ወተቷ እንዴት ነው?"

"ወርዳለች እንጂ። በጣም ወርዳለች። ከቱላ የእንሰት ቅጠል እያስመጣሁ ነው የምመግባት።"

"ልጅሽ ያገባ ጊዜስ? መቼ ነበር?"

"ነሐሴ።" እነሱ ጾም አይጠብቁም፤ በነሐሴ ይድራሉ። "ያኔ ወተት ነበር፣ ብዙ ነበር። ለሠርግ እንኳን አልገዛንም። ምነው? ምን ሆነሽ ነው?"

በአጥሩ ቀዳዳ እጄን አሾልኬ እጇን ጨበጥኩ። እሷም ደስታዬ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች።

ይህን ሁሉ ለአማቴ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ሰልፍ ላይ ያለች ሴት ምን የማታወራው አለ?" አሉ። የጎረቤቷን ላም ጠቀስኩ። "የእሷ ላም የአገር ናት። የኔዋ በጋ አታውቅም ተብላ ነው የተገዛችው" አሉ። የሻጭን ቃል እንደ ወንጌል ይዘውታል! ተበሳጭቼ፣ "እሺ፣ እንግዲያውስ አስቀድሜ ልናገር። ዝናብ ጥሎ ሣር ሲበቅል የላሚቱ ወተት ይመለሳል። እንደ ክረምቱ ላይሆን ይችላል፤ ግን ይመለሳል" አልኳቸው።

"አንቺ ስትሄጂ ይመለሳል" አሉኝ።

ያን ዓረፍተ ነገር ክፍሌ ውስጥ ይዤው ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። አሁን ልሂድ እንበል። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ዝናቡ ይመጣል። ሣሩ ይበቅላል። ወተቱ ይመለሳል። እኔ ቱላ ነኝ። ማን ነው ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ የሚያወራው? መግባቴና መድረቁ ገጠሙ፤ መውጣቴና መርጠቡ ደግሞ ይገጥማሉ፤ ያኔ ጥርጣሬው ማስረጃ ይሆናል። ደግ መስሎ የቀረበልኝ የጾም ዕረፍት የዕድሜ ልክ ፍርድ ነበር! ነጻ የምወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲመጣ እዚህ ቤት ውስጥ መገኘት አለብኝ። እግሬ ጓሮው ውስጥ እያለ፣ እኔው እያለሁ፣ ወተቱ መመለስ አለበት።

ከአልጋዬ ተነሥቼ ዘለልኩ። ፈርቼም ነበር፤ ፍርሃቱና ደስታው ተደበላልቀውብኛል። እንደዚያ ቀን ነገር ጥርት ብሎ የታየኝ ጊዜ በሕይወቴ ብዙ የለም።

ከዚያ ወዲህ የማላመጣው ሰበብ አልነበረም። መጀመሪያ የተማሪ ፈተና ነው አልኩ። ቀጥሎ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ከቀረሁ ያስጠይቀኛል አልኩ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር። እናቴ ነገሩን ሰምታ ኖሮ "ነይ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ" ብላ ላከችብኝ፤ ይሄ ከሁሉም ከበደኝ፤ የእናቴ ጉያ መግባት አምሮኝ ነበር። ባሌ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ "ለሰላም ብለሽ ሂጂ፤ እኔ በየሳምንቱ ቱላ እመጣለሁ" ይለኛል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት እውነታቸውን ነው። የምወደው አህያ ግን ነው፤ ምን ላድርግ።

ዝናቡም ቀረ። በየቀኑ ከክፍል ስወጣ ታቦር ተራራ አናት ላይ ዓይኔ ይሄዳል፤ ደመና ይመጣና ሐይቁን አልፎ ይበተናል። ዓመት ጠብቆ በጊዜው የሚመጣው ዝናብ እኔ ስፈልገው እግሩን ጎተተ። ላሚቱ እንደሆነች ጭራሽ ለባልዲ የምታሳፍር ሆናለች። አማቴ ለፋሲካ ሊያወጡት ያሰቡት ቅቤ ዕለት በዕለት ሲያንስ፣ ንግግራቸውም አብሮ አነሰ። በመጨረሻ የሚያናግሩኝ በዓይናቸው ብቻ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ባሌ ከገባ በኋላ፣ በሩ ላይ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ሰማሁ። አማቴ ሳይነግሩን ጋሪ አስመጥተዋል። የልብስ ሻንጣዬን ራሳቸው አውጥተው ደጃፉ ላይ አስቀምጠውታል። "ጾሙ ሳያልቅ እናትሽ ትይሽ" አሉ። ባሌ ሻንጣውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ቀድሜው ሄጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። አዎ፣ አስተማሪዋ፣ አዲሷ ሙሽራ፣ ጋሪ ነጂው እያየኝ ሻንጣ ላይ ቁጭ!

"ከዝናቡ በፊት አልሄድም!" አልኩ።

"ዝናቡ ምን አገባው?" አሉ አማቴ።

"ሁሉን ያገባዋል! ዛሬ ብሄድና ነገ ቢዘንብ፣ ላሚቱ ስትመለስ 'እሷ በመሄዷ ነው' አይደል የምትሉት? ልክ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ስለገጠመላችሁ ነው! ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል? ከዝናቡ በኋላ ሂጂ ይበሉኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ጋሪም አልፈልግ። አሁን ከሄድኩ ግን እግረ ደረቅ እንደተባልኩ እሞታለሁ። የሄድኩበት ቤት ሁሉ ይከተለኛል። የልጄን ጥጃ እንኳ አያሳዩኝም!"

ጮኼ ነበር። ለአማት እንደዚያ አይጮኽም። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚመጣውን ጠበቀ። አማቴ ግን ቆመው አዩኝ፤ አስተያየታቸው ደግሞ የቁጣ አልነበረም፤ ምን እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ወደ ጋሪ ነጂው ዞረው "ሂድ ልጄ፣ አንፈልግህም" አሉትና ወደ ጓሮ ገቡ።

ዝናቡ የመጣው ክፍል ውስጥ እያለሁ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ፤ ቀጥሎ አንድ ሌላ፤ ቀጥሎ ድምፄ ለራሴም እስከማይሰማኝ ድረስ ጣሪያው አገሳ። ጠመኔውን ወርውሬ በሩ ላይ ወጣሁ። ተማሪዎቼ ተከተሉኝ። አፈሩ ሸተተ። እልል አልኩ! ልጆቹም ምክንያቱን ሳይጠይቁ እልል አሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ብቅ ብሎ ሲያየን እሱም መቆጣቱን ረስቶ እጁን ለዝናቡ ዘረጋ። ፀጉሬ እየተንጠባጠበ ወደ ቤት ስገባ አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ "ብርድ ይመታሻል፣ ቀይሪ" አሉኝ። ስንት ቀን ያላናገሩኝ ሴት።

ሣሩ ብቅ ለማለት ጊዜ አልፈጀም፤ ሐዋሳ ላይ ሣር ሲመጣ ይቸኩላል። ወተቱ ግን ሊገለኝ ነበር፤ ቀስ እያለ። በየጠዋቱ ቦርሳዬን ይዤ ጓሮው ጥግ ላይ እየቆምኩ የባልዲውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ቀጭኑ ድምፅ ወፈር አለ። ከዚያ አረፋ ጀመረ። አንድ ቀን አማቴ ሁለተኛ ዕቃ ሲጠይቁ ሰማሁና ማሰሮ ይዤ ሮጥኩ። ፊቴን መቆጣጠር ስላልቻልኩ እንደ ሕፃን ፈገግ እያልኩ ማሰሮውን ያዝኩላቸው። የክረምቱን ያህል አልሆነም። አስቀድሜ የተናገርኩትን ያህል ግን ሆነ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ!

ሰፈሩ ምን አለ መሰላችሁ? "የሙሽሪት እግር ረጠበ!" አለ። ያቺ ሰፊዋ ሴት መንገድ ላይ አቁማ ሳመችኝና "ይኸው፣ እግርሽ ተመለሰ" አለችኝ። "እግሬ የትም አልሄደም! ዝናብ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "አዎ፣ ዝናቡንም አንቺ ነሽ ያመጣሽው" አለች። ምን ትላላችሁ? ስቄ ተውኩት።

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ፤ አማቴ ዶሮ አቅርበውላቸው፣ ጠላ ቀድተውላቸው፣ ስለ ኑሮና ስለ ዝናብ አጫውተዋቸው፣ መርቀው እንዲሄዱ አደረጉ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነሣም። ባሌ ያን ቀን ከጠላው በላይ ሰክሮ ነበር፤ በደስታ።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ እያለቡ ጠሩኝ። ማሰሮ እንድይዝላቸው መስሎኝ ሄድኩ። ከባልዲው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ "ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅሽ። እኔን ግን አልጠየቅሽኝም" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ።

"እርስዎ… መቼ ነበር የገቡት፣ እማማ?"

"በጥር ነው።"

እጃቸው ማለቡን አላቆመም። አገራቸው ሌላ ነበር፤ ከብቱ ብዙ ነበር። የዚያን ዓመት በጋ ከፋ፣ ወተቱ ነጠፈ፤ አማታቸው ጾምሽን እናትሽ ዘንድ ጹሚ ብለው መለሷቸው። እሳቸው ልጅ ነበሩ፣ ሂጂ ሲባሉ ሄዱ። እናታቸው ቤት ሳሉ ዝናብ ጣለ፤ ላሞቹ ታለቡ። ባላቸው ለምኖ መልሶ አመጣቸው እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ አማታቸው እስኪሞቱ ድረስ በረት አስገብተዋቸው አያውቁም። ዘመድ ቤት ላም ወለደች ሲባል እሳቸው ሳይጠሩ ይቀራሉ። ወደ ሐዋሳ መምጣት የፈለጉት እግራቸውን የሚያውቅ ሰው የሌለበት አገር ፈልገው ነው። ባላቸው ሲሞትም በእኔ እግር ነው ብለዋል፤ ለማንም ሳይናገሩ፣ በልባቸው።

ላሚቱ ጭራዋን ወዘወዘች። አማቴ ማለባቸውን አቆሙና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

"ያኔ እንዳንቺ እምቢ ብዬ እዚያው ብቀመጥ ኖሮ፣ ላሞቹ ይታለቡ ነበር?"

"ይታለቡ ነበር፣ እማማ።"

ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ደግሜ ነገርኳቸው።